ደሜን ያነበበው ሰው

የጋሽ ዲንሳን መሞት የነገረችኝ ትልቋ ልጁ ናት። ስልኩን ሳነሳ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ «አባዬ አረፈ» አለች፤ ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ የደወለችበትን ጉዳይ ነገረችኝ። የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍ ነው። «ከሁላችንም ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ስንት ዓመት አብራችሁ ሠርታችኋል» አለች። እሺ አልኳት። አንድ ገጽ ጻፍኩ። የት እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ ስንት ዓመት በላቦራቶሪ እንዳገለገለ ዘረዘርኩ፤ «ታታሪ»፣ «ምስጉን»፣ «ሰው አክባሪ» የሚሉትንም ቃላት እንደ ደንቡ ጨመርኩ። ቀብሩ ላይ ሲነበብ ሰው ሁሉ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም።

ይህ የምጽፈው እዚያ ገጽ ላይ ያላስገባሁትን ነው። በሕይወት እያለ «እርስዎ» ነበር የምለው፤ ለሌላ ሰው ሳወራም «እሳቸው» ነበር። ዛሬ «እሱ» እያልኩ እጽፋለሁ። በሞተ ሰው ላይ ልወጣው የምችለው በቀል ይህችው ናት። ትንሽ ናት፤ ቢሆንም አልተዋትም።

ጋሽ ዲንሳ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲራመድ ከወገቡ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል የሚል ሰው ነበር። ነጭ ጋዋኑን በሙቀትም በዝናብም እስከ አንገቱ ይቆልፈዋል። ከደረት ኪሱ ሦስት እስክሪብቶ አይጠፋም፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ፣ ሦስተኛው የማይጽፍ። የማይጽፈውን ለምን እንደሚይዘው ብጠይቀው «እሱ ለሚዋሱኝ ሰዎች ነው፤ አንዴ ከሰጠኋቸው ሁለተኛ አይጠይቁኝም» አለኝ። እጁን ታጥቦ አይጠግብም። ሲሠራ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ ደም ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። ሐኪም አልነበረም። ከቡርቃ ጃቶ ሰፈር እስከ አውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ግን ሰው ሁሉ «ዶክተር ዲንሳ» እያለ ነው የሚሰላመው፤ እሱም አንድ ቀን እንኳን «ዶክተር አይደለሁም» ብሎ ሲያርም አልሰማሁም። የሰውዬው ጠባይ በሙሉ እዚህች ላይ ነበር፤ እኔ ዘግይቼ ነው ያየሁት።

የደም ዓይነት ሲመረምር ቆሞ የማያየው ሰው አልነበረም። ነጭ ሸክላ ላይ ሦስት ቦታ የደም ጠብታ ያኖራል። በአንዱ ላይ ሰማያዊውን መድኃኒት፣ በሌላው ላይ ቢጫውን፣ በሦስተኛው ላይ ቀለም የሌለውን ጠብ ያደርጋል። ከዚያ ሸክላውን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ እያለ ያወዛውዘዋል። ሰማያዊው ላይ ከተቋጠረ ደሙ ኤ ነው፤ ቢጫው ላይ ከተቋጠረ ቢ ነው፤ ሁለቱም ላይ ከተቋጠረ ኤቢ፣ ሁለቱም ላይ ካልተቋጠረ ኦ። ሦስተኛው ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ይለያል። እኛ የላቦራቶሪ ሠራተኞች «ታየ» ነው የምንለው። እሱ «ተናገረ» ነበር የሚለው። «ደም ወሬኛ ነው፤ አንዲት ጠብታ ስጪውና አንቺ ዝም በይ፤ የቅድመ አያቱን ጉድ ሁሉ ይዘከዝክልሻል» ይለኝ ነበር።

ከላቦራቶሪው በር ጀርባ በገዛ እጁ የሳለው ካርታ ተለጥፏል። ኦ ድሮም እዚሁ የነበሩ፣ ኤ ከብት እየነዱ ከሰሜን የወረዱ፣ ቢ ከምዕራብ ወንዝ ተሻግረው የመጡ፣ ኤቢ መንገድ ላይ የተጋቡ። ከየት መጽሐፍ እንዳገኘው የጠየቀው የለም፤ እሱም አልተናገረም። ሰው ለሌላ ምርመራ መጥቶ ደሙንም ሳያስነብብ አይሄድም። የጉቴ ነጋዴ፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ መምህር፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሁሉም «እኔስ ከየት ነኝ ዶክተር?» እያለ ካርታው ሥር ይቆማል። ጋሽ ዲንሳ የማይጽፈውን እስክሪብቶ አውጥቶ ካርታው ላይ ያስሄደዋል። «የእናንተ ሰዎች የዴዴሳን ወንዝ የተሻገሩት በበጋ ነው» ይላል። በበጋ! ወሩን ሳይነግራቸው መቅረቱ ነው የሚገርመኝ። ሰውዬው እየሳቀ ይወጣል፤ እየሳቀ ግን አምኖ ነው።

እኔ እጁ ላይ የወደቅኩት ላገባ ስል ነው።

ገመቹ የሲሬ ልጅ ነው። የተዋወቅነው በመዘምራን ነው፤ እሱ ጊታር ይመታል፣ እኔ ከኋላ ረድፍ እዘምራለሁ። ሦስት ዓመት ከተዋደድን በኋላ ሽማግሌ ተላከ። የመጀመሪያው ጥያቄ ጎሳ ነው። በኦሮሞ ባህል የአንድ ጎሳ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፣ አይጋቡም። የእናቴ ጎሳ ተነገረ፤ ከገመቹ ቤተሰብ ጋር አይገናኝም። የአባቴ ጎሳ ግን አይታወቅም። አባቴ ሕፃን ሆኖ ጉቴ ገበያ መሃል ብቻውን ሲያለቅስ የተገኘ ልጅ ነው። የመንገድ ሥራ ፎርማን የነበሩ አንድ የጎጃም ሰው ወስደው አሳደጉት፤ ሲሳይ ብለውም ስም አወጡለት። ቤታችን አማርኛ የገባው በእሳቸው ነው። አባቴ የማን ልጅ እንደሆነ ሳያውቅ፣ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ ሞተ።

ነገር ያመጣው የገመቹ አባት ኦቦ ተርፋሳም የጠፋባቸው ሰው መኖሩ ነው። ታናሽ ወንድማቸው በልጅነቱ ከሲሬ ገበያ ጠፍቶ በዚያው ቀርቷል። እናታቸው እሱን እየተጣሩ ነው የሞቱት። ኦቦ ተርፋሳ የአባቴን ታሪክ ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። እናቴ ብልህ ናት፤ ወዲያው «ልጁ ምልክት ነበረው?» ብላ ጠየቀች። ኦቦ ተርፋሳ የግራ ክንዳቸውን ከክርን እስከ አንጓ በእጃቸው አሳዩና «እዚህ ሁሉ እሳት አቃጥሎት ነበር» አሉ። እናቴ ተነፈሰች። «የእኔ ባል ክንዱ ላይ አንዲት ጠባሳ አልነበረም። ሲታመም አጥቤዋለሁ፣ ሲሞት ገንዤዋለሁ» አለች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ነገሩም እዚያው ያለቀ መሰለን።

ቤተ ክርስቲያናችን ከጋብቻ በፊት የጤና ምርመራ ወረቀት ስለምትጠይቅ ከገመቹ ጋር ሄደን ተመረመርን። ወረቀቱ በኦሮምኛ ነው። ከታች በኩል «ጎሳ ዺጋ» የሚል መስመር አለው፤ የደም ዓይነት ማለት ነው። በኦሮምኛ ጎሳ ማለት ጎሳም ነው፣ ዓይነትም ነው። የገመቹ ወረቀት «ጎሳ ዺጋ፦ ቢ» ይላል፤ የእኔም «ጎሳ ዺጋ፦ ቢ» ይላል። ኦቦ ተርፋሳ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግተው ብዙ ጊዜ አዩዋቸው።

«ጎሳቸው አንድ ነው ይላል» አሉ።

ገመቹ ሳቀ። «አባ፣ እዚህ ላይ ዓይነት ማለት እኮ ነው!»

እሳቸው አልሳቁም። ወረቀቶቹን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱና «የጻፈውን ሰውዬ ራሱን እንጠይቃለን» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ላቦራቶሪው በር ላይ ተሰለፍን። ኦቦ ተርፋሳ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እናቴ፣ ገመቹ፣ እኔ። ከጋሽ ዲንሳ የሚፈለገው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። «ይህ የደም ዓይነት ነው፣ ከዘር ጋር አይገናኝም።» በቃ። የተማረ ሰው ነው፣ ያውቃታል። ኦቦ ተርፋሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙና «ዶክተር፣ ደም ሰው ከየት እንደመጣ ይናገራል?» ብለው ጠየቁት።

ጋሽ ዲንሳ መጀመሪያ ባርኔጣውን አየ፣ ቀጥሎ የከበቡትን ሰዎች አየ፣ ቀጥሎ ካርታውን አየ። ደስ አለው። እዚያው ቆሜ ደስ ሲለው አይቻለሁ።

«ይናገራል እንጂ!» አለ። ወረቀቶቹን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረጋቸው። «ሁለቱም ቢ ናቸው። ሁለት ቢ አንድ ደጅ ላይ ሲገናኝ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው።»

«ጠባሳውስ?» አለች እናቴ። «ልጁ ጠባሳ ነበረው ተብሏል። ባሌ አልነበረውም።»

ወደ እሷ ዞሮ፣ በዚያ ሰው በሚወድለት ለስላሳ ድምፁ፣ «እናቴ፣ ጠባሳ ይጠፋል፤ ደም አይጠፋም» አላት።

ኦቦ ተርፋሳ በባርኔጣቸው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ከዚያ እኔን ሳብ አድርገው አቅፈው «ኢንታላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ሽማግሌዎቹ «ጋላታ ዋቃ» እያሉ ፈጣሪን አመሰገኑ። በትከሻቸው በኩል ገመቹን አየሁት፤ የበሩን እጀታ ይዞ ቆሟል። ሙሽራ ልሆን ገብቼ የሙሽራው የአጎት ልጅ ሆኜ ወጣሁ። ይህ ሁሉ ሲሆን ከጋሽ ዲንሳ እጅ ላይ ጓንቱ እንኳን አልወለቀም።

ከሳምንት በኋላ ብቻዬን ሄጄ ያለውን እንዲያስተካክል ለመንኩት። ኮሪደር ላይ እየተራመደ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ «ደም ተናግሯል ልጄ፤ እኔ ምን ላድርግ?» ብሎኝ አለፈ።

ገመቹ ግምቢ ለመምህርነት ተመድቦ ነበር። ሊሄድ ሲል «አባቴ ወንድሙን ያገኘ መስሎታል» አለኝ። «እኔ ውሸት ነው ብዬ ብነግረው አይሰማኝም። ያ ሰውዬ ራሱ ፊቱ ቆሞ ‹ተሳስቻለሁ› ቢል ግን ይሰማዋል። እንዲህ እንዲል አድርጊልኝ፤ እጠብቅሻለሁ።» እንግዲህ የምፈልገው ነገር ይህ ነበር። ጋሽ ዲንሳ በኦቦ ተርፋሳ ፊት ቆሞ ያለውን መልሶ እንዲበላው።

ሌላው ሰው ሙያ የሚመርጠው ወዶ ነው። እኔ ላቦራቶሪ የተማርኩት ጠልቼ ነው። ኮሌጅ ስገባ ማንም አልመከረኝም፤ ያስገባኝ ቂም ነው፣ ጠዋት ጠዋት የሚቀሰቅሰኝም ቂም ነው። ሁለተኛ ዓመት ላይ አስተማሪያችን የጓጓሁለትን ነገር ተናገረ። አራቱም የደም ዓይነቶች በሁሉም ሕዝብ ውስጥ አሉ። ከቦታ ቦታ ብዛታቸው ይለያያል እንጂ የአንድ ሰው ጠብታ ቅድመ አያቱ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ልጆች እንኳን የተለያየ ደም ሊኖራቸው ይችላል። ደብተሬ ላይ በቀይ አሰመርኩበት፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪቀድ ድረስ አሰመርኩበት።

በሦስተኛው ዓመት ተመረቅኩ። እዚያው ሆስፒታል፣ እዚያው ላቦራቶሪ አመለከትኩ፤ ተቀጠርኩም። የመጀመሪያው ቀን በማለዳ ገባሁ። ሲያየኝ ይደነግጣል ብዬ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ የሚደነግጥ ፊቱን እያሰብኩ ነው የተማርኩት። ጋሽ ዲንሳ ከጥጉ ቀና ብሎ «ስምሽ ማን ነው?» አለኝ።

«ኩለኒ ሲሳይ።»

«ኩለኒ! ቆንጆ ስም ነው። እጅሽን ታጠቢ።»

ረስቶኛል። ትዳሬን አፍርሶ ምሳውን በልቶ ረስቶኛል። የዚያን ቀን የጠላሁትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም።

ወዲያው አልተናገርኩም። ቢክደኝስ? መካጃ ልነሳው ፈለግኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ጎኑ ቆሜ ሠራሁ። አሁን የምጽፈውን የምጽፈው ወድጄ አይደለም፤ ሰውዬው አስተማሪ ነበር። ብልቃጥ ላይ ስም ሳልጽፍ ደም ቀድቼ ስመጣ «ስም የሌለው ደም የማንም አይደለም!» ብሎ ዓይኔ እያየ ይደፋዋል። አንድ ጊዜ ማዋለጃ ክፍል አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ወላዶች ገቡ። ደማቸው ተመርምሮ፣ ወረቀቱ ተፈርሞ፣ ሁላችንም ጨርሰናል። እሱ ግን ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ቀረ። «አንድ ነገር አልጣመኝም» አለና ደረጃውን ወጥቶ አልጋቸው ድረስ ሄደ። እያንዳንዷን የአባቷንና የአያቷን ስም ጠይቆ እንደገና ቀዳ። ብልቃጦቹ ተለዋውጠው ነበር። ያ ደም ቢሰጥ ኖሮ አንዷ አትተርፍም። ስትወጣ እግሩ ላይ ወደቀች፤ እሱ «ተነሺ፣ ወለሉ ቆሻሻ ነው» አላት። ዛሬ ሸክላውን ስይዝ እጄ ሳላዝዘው እንደ እሱ ነው የሚያወዛውዘው። ያናድደኛል፤ ግን ሌላ አወዛወዝ አላውቅም።

ለብልቃጥ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ለእኔ ግን ግድ አልነበረውም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ንዴቴ እንደ አዲስ ይነሳል። ስለዚህ መዝገቡን አገላበጥኩ። የራሱ ሦስት ልጆች ለትምህርት ቤት ወረቀት ተመርምረው ኖሮ ስማቸውን አገኘሁ። የመጀመሪያዋ ኤ፣ ሁለተኛው ቢ፣ ሦስተኛው ኦ። በእሱ ካርታ ከሄድን አንድ ማዕድ ላይ የሚቀመጡት ልጆቹ ከሦስት አገር የመጡ ናቸው። ቁራጭ ወረቀት ላይ ገልብጬ ኪሴ ከተትኩ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የገመቹ እናት አዴ ጫልቱ ከሲሬ ለቀዶ ጥገና መጡ። ኦፕራሲዮኑ ላይ ደም ፈሰሳቸው። ቢ ያስፈልጋል፤ ደም ባንኩ ቢ ጨርሷል። የኦቦ ተርፋሳ ደም ታየ፣ አልሆነም። አብሯቸው የመጣ የእህታቸው ልጅም አልሆነም። ገመቹ ከግምቢ መንገድ ላይ ነው። ጋሽ ዲንሳ ኮሪደሩ ላይ ወጥቶ «ቢ ያለው ማን ነው?» ብሎ ጮኸ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እዚህ ላይ በቀል የለም፤ ሴትዮዋን እወዳቸው ነበር። ደሜ ከደማቸው ጋር ተሞከረ፣ ተስማማ፣ ተሰጣቸው። ተረፉ።

ጥጥ ክንዴ ላይ እንደታሰረ ተመልሼ ጋሽ ዲንሳን ወደ ላቦራቶሪ አስገባሁትና በሩን ዘጋሁ። ማን እንደሆንኩ ነገርኩት።

«የቱ ነበር?» አለኝ።

«የሲሬው። የጠፋው ልጅ።»

ጣሪያውን አየና «እ… የጠባሳው» አለ።

የልጆቹን ውጤት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። «ኤ፣ ቢ፣ ኦ። ልጆችዎ ከየት ከየት ነው የመጡት ጋሽ ዲንሳ? የትኛው ነው ወንዝ የተሻገረው? በበጋ ነው በክረምት?»

መነጽሩን አውልቆ አነበበው፤ ከዚያ መልሶ አደረገው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በሥራ ሰዓት ሲቀመጥ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

«ያኔም አውቅ ነበር» አለ።

«ታዲያ?»

«ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ ጠየቀኝ። ባርኔጣውን አውልቆ ለሚጠይቅ ሰው ‹አላውቅም› ማለት አቃተኝ።»

ይኸው ነው። የእኔ ዕድሜ የተበላው በዚህ ነው። በጥላቻ ቢሆን፣ በጉቦ ቢሆን ይገባኝ ነበር። «ውጭ ናቸው» አልኩት። «ውጡና ይንገሯቸው።» ተነስቶ ጋዋኑን እስከ አንገቱ ቆለፈና ወጣ።

ገመቹ ያኔ ነው የደረሰው፤ የግምቢ መንገድ አቧራ ከጫማው ላይ አልረገፈም። ጋሽ ዲንሳ አባትየው ፊት ቆመ። በኦሮምኛ፣ ቃል በቃል እያስቀመጠ ተናገረ። «ኦቦ ተርፋሳ፣ ያኔ የነገርኩዎት ውሸት ነው። የደም ዓይነት ዘር አይናገርም። ይህች ልጅ የወንድምዎ ልጅ መሆኗን አላውቅም። ሂን ቤኩ።» አላውቅም ማለት ነው፤ ሁለት ጊዜ አለው። የገመቹ ፊት ሲበራ አየሁ። አራት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ሆነ።

ኦቦ ተርፋሳ እስኪጨርስ ሰሙት። ከዚያ ክንዴ ላይ ያለውን ጥጥ አዩና ፈገግ አሉ።

«ዶክተር፣ ትሑት ሰው ነዎት» አሉ። «እኔ ግን ዓይን አለኝ። የእኔ ደም ለሚስቴ አልሆነም፣ የእህቴ ልጅ ደም አልሆነም፤ የዚህች ልጅ ሆነ። የቤቱ ልጅ ባትሆን እንዴት ይሆናል?»

«አዴ ጫልቱ እኮ የሌላ ጎሳ ልጅ ናቸው!» አልኩ። «ጎሳ ቢሆን ኖሮ የእኔ ደም ለእሳቸው ባልሆነ ነበር!»

እጃቸውን አወዛወዙ፤ አልሰሙኝም።

«እሺ፣ አዲስ አበባ እንሂድ» አልኳቸው። «የዘር ምርመራ አለ። ያኛው በእርግጥ ይለያል። ዛሬ እንሂድ።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «ወንድሜን ሁለተኛ ልትቀብሩብኝ ነው?» አሉ። አንድ እጃቸው የእኔን እጅ ይዟል፤ ሌላው ግድግዳውን ይፈልጋል። ገመቹ ሮጦ ደገፋቸው። በአባቱ ራስ በኩል አየኝ፣ ፊቱ ላይ የበራው ነገር ጠፍቶ ነበር። «ኩለኒ፣ ተይ» አለኝ። በዚያው ዓመት ግምቢ አብራው የምታስተምር ልጅ አገባ። ኦቦ ተርፋሳ ሠርጉ ላይ ከእህቶቹ ጋር አስቀመጡኝ፤ እልል በይ አሉኝ፣ እልል አልኩ።

ጋሽ ዲንሳ ያን ቀን ተከትሎኝ ገብቶ «ምን ላድርግልሽ?» አለኝ። የተዘጋጀሁበት ጥያቄ አልነበረም፤ መልሱ ግን አፌ ላይ ተገኘ። «ከእንግዲህ ወዲያ ‹ከየት ነኝ?› ብሎ ለሚጠይቅዎ ሰው ሁሉ ‹አላውቅም› ይላሉ። እኔ እየሰማሁ።» ካርታውን ራሴ ገነጠልኩት።

እስከ ጡረታው ድረስ ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ሰው ይመጣል፣ «ዶክተር፣ እኔስ ከየት ነኝ?» ይላል። ጋሽ ዲንሳ ወደ እኔ ያያል። እኔ ብልቃጥ እያጠብኩ ቀና አልልም። «ደምዎ ኤ ነው፤ ከዚያ ሌላ አላውቅም» ይላል። ሰዎቹ ይስቃሉ፣ የሚቀልድ መስሏቸው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ቅር ብሏቸው ይወጣሉ። ቀስ በቀስ «አረጀ፣ ዘነጋ» ይሉት ጀመር። በሩ ላይ የሚቆመው ሰልፍ አለቀ። ከመናኸሪያ እስከ ቤቱ ሲሄድ የሚያስቆመው ሰው አነሰ። እያየሁት ቀጠነ። ደስ ይለኝ ነበር፤ አልደበቅም። ማታ ቤቴ ስገባ ግን የምበላው ምግብ አይጣፍጠኝም፤ ጠዋት ተነስቼ ደግሞ ላየው እቸኩላለሁ።

ጡረታ በወጣ ቀን ሠራተኛው ኬክ ቆረሰለት። ሁሉም ከሄደ በኋላ ጋዋኑን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረና «ኩለኒ፣ በቃሽ?» አለኝ።

«አልበቃኝም» አልኩት።

«ልክ ነሽ» ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ሲታመም ልጁ ሁለት ጊዜ «ይጠይቅሻል» ብላ ደውላልኛለች። አልሄድኩም። ቢለምነኝ ይቅር ማለት ያቅተኛል ብዬ ፈርቼ ነው ብል ጥሩ ሰው እመስል ነበር፤ የቀረሁት ግን ይቅር እለዋለሁ ብዬ ፈርቼ ነው።

ከቀብሩ በኋላ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። ኦቦ ተርፋሳ ከሲሬ ድረስ መጥተዋል፤ ባለቤታቸው፣ ገመቹና ሚስቱም አብረው አሉ። ኦቦ ተርፋሳ ከምርኩዛቸው ጋር ተነስተው ስለ ሟቹ ሁለት ቃል ተናገሩ። «የጠፋ ወንድሜን ያገኘልኝ ይህ ሰው ነው» አሉ፤ እጃቸውንም ወደ እኔ ዘረጉ። ድንኳኑ በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንዳንዱ ራሱን እየነቀነቀ ምስጋና አቀረበ። ተነስቼ «ውሸት ነው» ብል የሚሰማኝ ሰው እንደሌለ ዓመታት አስተምረውኛል፤ የሚያምኑት ሰው ራሱ ነግሯቸው አላመኑትም።

ገመቹ ማዶ፣ ከምሰሶው አጠገብ ተቀምጧል። ጎንበስ ብሎ አምስት ዓመት የሆናትን ልጁን ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አላት። ልጅቷ አንድ ብርጭቆ ውሃ በሁለት እጇ ይዛ፣ እንዳይፈስባት ዓይኗን ከብርጭቆው ሳትነቅል፣ በሰዎቹ እግር መሃል አልፋ መጣች። ፊቴ ቆማ ቀና አለች። የእሱን ግንባር ይዛለች።

«አዳዳ፣ አባዬ ጠጪ ብሎሻል» አለችኝ።

በኦሮምኛ አዳዳ የአባት እህት ናት። ውሃውን ተቀበልኳት። ማዶ አላየሁም።

«እግዜር ይስጥልኝ በይው» አልኳት፤ «የወንድሜ ልጅ።»